የቤትና የሕዝብ ሕንፃ መብራት፦ ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ የሕንፃ መብራት ዲዛይን ነው። ደሴ ቤት የሚሠራው፣ ኮምቦልቻ ሆቴል የሚከፍተው፣ ወልድያ ትምህርት ቤት የሚያድሰው፣ ሰፈሩ መስጊድ የሚያስፋፋው ሰው የሚጠይቀኝ ነገር ብዙም አይለያይም። ስለዚህ ጥያቄዎቹን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ መልሻለሁ። የእኔ ምርጫ ብቻ የሆነውን የእኔ ነው ብያለሁ።

አምፖሉን ኤሌክትሪሻኑ ይሰቅል የለ? የመብራት ዲዛይነር ምን ይጨምራል?

ኤሌክትሪሻኑ ሽቦው እንዳይቃጠል፣ ብሬከሩ ከጭነቱ ጋር እንዲመጣጠን ያደርጋል። እሱን የሚተካው የለም። ዲዛይነሩ የሚጠይቀው ሌላ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ምን ያያል? ከየት ተቀምጦ? በስንት ሰዓት? ይህ ሲመለስ የመብራቱ ቦታ አብሮ ይታወቃል።

እኛ ጋ የተለመደው ግን የኮርኒሱን መሐል ለክቶ አንድ አምፖል ማንጠልጠል ነው። ከዚያ ልጁ ጠረጴዛውን ግድግዳ አስጠግቶ፣ ጀርባውን ለአምፖሉ ሰጥቶ፣ በራሱ ጥላ ላይ የቤት ሥራ ይሠራል። ወጥ ቤትም እንደዚሁ ነው። ምድጃው ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ድስቱን ራሱ ይጋርደዋል። አምፖሉ አላነሰም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው።

መቼ ነው መታሰብ ያለበት?

ስላቡ ከመሞላቱ በፊት። ያ ካለፈ፣ ቢያንስ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት። ልስኑ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ሐሳብ ሁሉ መሰርሰሪያና ተጨማሪ ወጪ ይዞ ይመጣል። ኪሳችሁ አሁን ባይፈቅድ እንኳ በኋላ ሽቦ የሚያልፍበት ባዶ ቲዩብ አስቀብሩ። አምፖሉ በኋላ ይገዛል።

ለሳሎኔ ስንት ዋት ይበቃል?

ዋት የሚነግራችሁ አምፖሉ ስንት ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ነው። የሚሰጠው ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። ድሮ 60 ዋት የምንለው ባለ ክር አምፖል 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ዛሬ ያንኑ 800 ሉመን አንድ ደህና ኤል ኢ ዲ በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑ ላይ ሉመኑን ፈልጉ። ካልተጻፈበት ተዉት።

ከዚያ ሉክስ አለ። ሉክስ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈው ሉመን ነው። ለሳሎን አጠቃላይ ብርሃን 100 ሉክስ ጥሩ መነሻ ነው። ሳሎናችሁ 4 በ5 ሜትር ከሆነ 20 ካሬ ነው። 20 በ100 ሲባዛ 2,000 ሉመን። ግን ከአምፖሉ የወጣው ሁሉ እናንተ ጋ አይደርስም። ግማሽ ያህሉን ኮርኒሱ፣ ግድግዳውና የአምፖሉ ሽፋን ይውጡታል። ስለዚህ 4,000 ሉመን ግዙ፤ አምስት ባለ 800 አምፖል ማለት ነው። አምስቱን አንድ ላይ አትስቀሉ፤ በታትኗቸው። ቢያንስ በሁለት ማብሪያ ማጥፊያም ለዩአቸው።

ስንት እንደሚዋጥ የሚወስነው ቀለማችሁ ነው። ነጭ ቀለም ካረፈበት ብርሃን ከ70 እስከ 80 በመቶውን መልሶ ይረጫል። ጥቁር ቡኒ እንጨት ወይም ያልተቀባ የጭቃ ግድግዳ ሩቡን እንኳ ላይመልስ ይችላል። ደንበኛ «ክፍሉ ጨለመብኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የማየው ኮርኒሱን ነው። በጥቁር እንጨት የተሸፈነ ኮርኒስ ሥር ሆኖ አምፖል መጨመር ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ቤታችን መጅሊስ ነው። ኮርኒሱ ላይ ስፖት ላይት ደርድረናል፤ ዓይናችንን ይወጋናል።

ይወጋችኋል፣ መውጋቱም አይቀርም። ስፖት ላይት የተሠራው ቆሞ ለሚሄድ ወይም ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው። መጅሊስ ላይ ሰው ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ትራስ ይደገፋል፣ ቀና ብሎ ያወራል። ዓይኑ በቀጥታ አምፖሉ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሁሉም ሰው «አጥፉት» ይላል፣ መቶ አምፖል ተገዝቶ በስልክ ብርሃን ወግ ይያዛል።

መፍትሔው ብርሃኑን ወደ ግድግዳ ማዞር ነው። ስትሪፑን፣ እንደ ጥብጣብ የሚዘረጋውን መብራት ማለቴ ነው፣ በጂፕሰሙ ጠርዝ ውስጥ ደብቁት፤ ኮርኒሱን ያብራ እንጂ ራሱ አይታይ። ጥግ ላይ ከተቀመጠ ሰው ዓይን ዝቅ የሚል የቁም መብራት አድርጉ። ቡና የሚፈላበት ጥግ የራሱ ትንሽ መብራት ቢኖረው ደግሞ ጥሩ ነው። ረከቦቱ ወለሉ ላይ ነው ያለው፤ የኮርኒስ መብራት እዚያ ሲደርስ የምታፈላው ሰው ጥላ ይሆናል።

ቢጫ ይሻላል ነጭ?

የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። ከ2,700 እስከ 3,000 ያለው ቢጫ የምንለው ነው። 4,000 መሐል ሰፋሪ ነጭ ነው። 6,500 ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ ሱቁን ሁሉ ያጥለቀለቀው «ዴይላይት» ነው።

ለመኖሪያ ቤት 3,000፣ ለመማሪያ ክፍልና ለቢሮ 4,000 እላለሁ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ማታ ይበርዳል፣ ጉም ከጦሳ ተራራ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ብርድ ገብቶ 6,500 ሥር መቀመጥ ለእኔ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ እንደ ማደር ነው። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ሰዎች ነጩን ይመርጣሉ። አልጣላቸውም። ብቻ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱን አትደባልቁ። አንዱ አምፖል ሲቃጠል የተገኘውን መተካት ነው ቤቱን ዥንጉርጉር የሚያደርገው።

ሱቅ ውስጥ የገዛሁት ልብስ ውጪ ሳየው ቀለሙ ሌላ ነው። ለምን?

የሱቁ መብራት ቀለም አያሳይም። ይህ የሚለካው ሲ አር አይ በሚባል ቁጥር ነው። ጣሪያው 100 ነው። ለውስጥ መብራት ከ80 በታች አትውረዱ። ለልብስ ሱቅ፣ ለፀጉር ቤትና ለሥዕል 90 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ርካሽ ኤል ኢ ዲ በተለይ ቀይን ያደበዝዛል። ፒያሳ ልብስ የምትነግዱ ሰዎች፣ ደንበኛ ጨርቁን ይዞ በር ድረስ እየወጣ የሚያይ ከሆነ ችግሩ ጨርቁ አይደለም።

ቀን በቀን መብራት እናበራለን። ያለ አምፖል ክፍሉን ማብራት አይቻልም?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይኼን ነው የምወደው። ምክንያቱም መልሱ ያለው ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ነው፤ ያኔ ደግሞ ማንም አይጠይቅም።

መጀመሪያ ፀሐይዋን እንወቅ። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 እና 12 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ግድም። በሁለቱ መካከል፣ ክረምቱን ማለት ነው፣ የቀትር ፀሐይ ያለችው ወደ ሰሜን አዘንብላ ነው። በበጋ ደግሞ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ታኅሣሥ ላይ ደሴ ውስጥ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 55 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ትታያለች።

ይህ ለቤታችሁ ምን ማለት ነው? በደቡብ በኩል ያለ መስኮት ብርዱ በሚበረታበት በበጋ ፀሐይ ያስገባል። ለደሴ ስጦታ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከሆናችሁ ግን ከመስኮቱ በላይ የጣሪያውን ክፈፍ ረዘም አድርጉ። ፀሐይዋ ከፍ ያለች ስለሆነች አንድ ክንድ የሚያህል ክፈፍ ብዙ ይጋርዳል። የሰሜን መስኮት ፀሐይ ወደ ሰሜን ከምታዘነብልበት ከክረምቱ በቀር ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። ለመማሪያ ክፍልና ለልብስ ስፌት ከእሱ የተሻለ የለም። የሚያስቸግረው የምዕራብ መስኮት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች፤ የትኛውም ክፈፍ አያስቆማትም። እዚያ መጋረጃ ወይም ዛፍ ነው።

ቀጥሎ ጥልቀት። ከመስኮት የሚገባ ብርሃን የሚያገለግለው የመስኮቱ አናት ከወለል ያለውን ከፍታ ሁለት ወይም ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ ነው። የመስኮታችሁ አናት 2.1 ሜትር ላይ ከሆነ 5 ሜትር ገደማ ድረስ ትደርሳላችሁ። የመንገድ ዳር ሱቆቻችን 10 እና 12 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባሉ። የኋላው ግማሽ ቀን ሙሉ መብራት ቢበላ አይገርምም። ስለዚህ መስኮት ከማስፋት ወደ ላይ ማስረዘም ይበልጣል።

ጉሙን አትፍሩት። በደመናማ ቀን እንኳ ውጪ 10,000 ሉክስ ገደማ ይኖራል። ከዚያ 2 በመቶው ክፍል ውስጥ ቢገባ 200 ሉክስ ነው፤ ብዙ ሥራ ያሠራል። ደግሞ ጉም ብርሃኑን በታትኖ ስለሚያመጣው ጥላና ነጸብራቅ የለውም።

ጣሪያ ላይ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ቆርቆሮ ማስገባትስ? ለመጋዘንና ለአዳራሽ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ግን አስቡ፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ፕላስቲኩም በዓመታት ውስጥ ይጠቁራል። በሰሜን በኩል ባለው የጣሪያ ክንፍ፣ በትንሹ አድርጉት።

ለመማሪያ ክፍል ምን ትመክራለህ?

ዴስኩ ላይ ከ300 እስከ 500 ሉክስ። ሰሌዳው የራሱ መብራት ይኑረው፤ ከፊት ለፊቱ ከኮርኒስ ወደ ሰሌዳው የዞረ። ሰሌዳው አጠገብ መስኮት ካለ ከኋላ ያሉት ልጆች ጽሑፉን ሳይሆን የመስኮቱን ነጸብራቅ ነው የሚያዩት። መስኮቱ በተማሪዎቹ ግራ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ አብዛኛው ልጅ በቀኙ ስለሚጽፍ እጁ አያጠላበትም።

በርካሽ ብዙ የሚያተርፈው ማብሪያ ማጥፊያውን መለየት ነው። የመብራት ረድፎቹን ከመስኮቱ ጋር ትይዩ ዘርጉ። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ ማብሪያ ይኑረው። ቀን ላይ የመስኮት ዳሩ ይጠፋል፣ የውስጠኛው ረድፍ ብቻ ይበራል።

ለጤና ጣቢያና ለክሊኒክስ?

ሲ አር አይ 90 እና በላይ። የታማሚ ዓይን ቢጫ መሆኑን፣ ከንፈር መገርጣቱን መጥፎ መብራት ይደብቃል። ለመመርመሪያ አልጋው 1,000 ሉክስ ያስፈልጋል፤ ተጣጣፊ ክንድ ባለው መብራት ይገኛል። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ አምፖሎቹን ከመሐል ወደ ጎን አድርጓቸው። በቃሬዛ የሚገፋ ሰው የሚያየው ኮርኒሱን ብቻ ነው።

መስጊዳችንን እያስፋፋን ነው። ትልቅ ቻንደሊየር ጉልላቱ ሥር ይበቃል?

ለውበት ይበቃል። ለመቅራት አይበቃም። ቻንደሊየሩ ጌጥ ይሁን፤ ሥራውን ሌሎች ይሥሩ። ለሶላት ከ100 እስከ 150 ሉክስ የሆነ ለስላሳ ብርሃን፣ ቁርአን ለሚቀራበት ጥግ 300። ሚህራቡ ግድግዳው ላይ ከላይ በተደበቀ መብራት ቢታጠብ ዓይን ወደ ቂብላው ራሱ ይሄዳል። ለፈጅር ሰው ከጨለማ ነው የሚመጣው። ሁሉንም አብርታችሁ አትቀበሉት፤ ሲሶው ይበቃል።

ውዱእ የሚደረግበት ቦታ እርጥብ ስለሆነ አይ ፒ 65 የተጻፈበት፣ ማለትም አቧራና የሚረጭ ውሃ የማያስገባ መብራት ግዙ። ወለሉ ላይ በደንብ ይብራ፤ ሽማግሌ የሚያንሸራትተው እዚያ ነው። ሌላው የምለው የሴቶችን ክፍል ነው። ብዙ ቦታ የተረፈ አምፖል የሚሄደው እዚያ ነው። እዚያም ቁርአን ይቀራል፣ ይሰገዳል። ከወንዶቹ ጋር እኩል አስሉለት።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ውስጡን ለምን ደህና አድርገው አያበሩትም?

ብዙ ጎብኚ ይህን ይላል። እኔ አልስማማም፣ ምክንያቴንም ልዘርዝር።

አንድ፣ ዓይን ጊዜ ይፈልጋል። ቀትር ላይ ውጪው ወደ 100,000 ሉክስ ሊደርስ ይችላል። ቤተ ማርያም ውስጥ ስትገቡ ብርሃኑ በትንንሽ መስኮቶች ብቻ ነው። መጀመሪያ ምንም አይታይም። ጥቂት ደቂቃ ብትቆሙ ግን ሥዕሉ፣ ቅስቱ፣ ዓምዱ ቀስ እያለ ይወጣል። ዓይን ጨለማን ሙሉ በሙሉ ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። ለአስጎብኚዎች የምለው፣ ባትሪ ከማብራታችሁ በፊት እንግዳውን በሩ ጥግ አቁሙት።

ሁለት፣ ብርሃን ይጎዳል። ሥዕል ያለበት ብራና፣ መጋረጃና ጨርቅ በሙዚየም አሠራር ከ50 ሉክስ በላይ አይበራባቸውም። ጉዳቱ ተጠራቃሚ ነው። በ200 ሉክስ ለ1 ሰዓት መቆየት በ50 ሉክስ ለ4 ሰዓት ከመቆየት ጋር እኩል ነው። የደበዘዘ ቀለም ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ኤል ኢ ዲ አልትራ ቫዮሌቱ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ከፍሎረሰንት ይሻላል፤ ያም ቢሆን ልኩን ማለፍ የለበትም። ጧፍም የራሱን ጥቀርሻ ይተዋል፤ ግን እሱ የአምልኮው አካል ስለሆነ የመብራት ሰው አይወስንበትም።

ሦስት፣ ድንጋዩ። እነዚህ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ለአንድ አምፖል ብሎ የሚመታ ሚስማር ከዓለቱ ላይ የማይመለስ ነገር ይወስዳል። የግድ ከሆነ ወለል ላይ የሚቆም፣ ሊነሳ የሚችል መብራት ነው። እሱም በቤተ ክህነቱና በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ።

አራተኛው ደግሞ ይኼ ነው። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደውን ጨለማ ዋሻ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ግድግዳውን እየዳሰሱ ነው የሚሄዱት። እዚያ ጨለማው የጎደለ መብራት አይደለም፤ ቦታው ራሱ ነው። አምፖል የሚሰቅልበት ሰው ቢመጣ እኔ እቃወማለሁ።

ውጪው ግን ሌላ ነው። በልደት ሌሊት ሕዝበ ክርስቲያኑ ጥልቅ በሆኑት መተላለፊያዎች ዳር ዳር ይቆማል። እዚያ ጠርዙንና ደረጃውን የሚያሳይ፣ ወደ መሬት የተደፋ፣ ቢጫ መብራት ያስፈልጋል። ፓውዛ ግን በፍጹም።

ፓውዛ ምን አደረገህ? ግቢ ሲያበራ ጥሩ አይደል?

ፓውዛ ግቢውን ሳይሆን የሚመጣውን ሰው ዓይን ነው የሚያበራው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ከጀርባው ፓውዛ ካለ ፊቱ አይታይም፤ እሱም ከብርሃኑ ውጪ ያለውን አያይም። ሌባ የሚቆመው እዚያ ነው።

ደሴ ላይ ሌላ ጣጣ አለው። ጉም ሲወርድ ወደ ላይ የተተኮሰ ብርሃን ጉሙ ላይ ይበተንና ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ሕንፃው ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ዝቅ ያለ፣ ሽፋን ያለው፣ ወደ ታች የዞረ መብራት ተጠቀሙ። አንድ ትልቅ ከመስቀል ሦስት ትንንሽ መበተን ይሻላል። ቀለም እየቀያየረ የሚጨፍረውን የሆቴል ግንባር መብራት በተመለከተ ምንም አልልም። ምርጫ ነው።

መብራት ይዋዥቃል፣ ይጠፋልም። ኤል ኢ ዲው ይችለዋል?

መስመራችን 220 ቮልት ነው ቢባልም ሰፈሩ ሲጨናነቅ ይወርዳል፣ ጠፍቶ ሲመለስ ይዘላል። ኤል ኢ ዲ ሲቃጠል ብዙውን ጊዜ የሚሞተው መብራቱ ሳይሆን ድራይቨሩ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ለኤል ኢ ዲው የሚመጥነው ክፍል ነው። ስለዚህ ድራይቨሩ ላይ ከ100 እስከ 265 ቮልት የሚል ሰፊ ክልል ፈልጉ። ለሕዝብ ሕንፃ ደግሞ ዋናው ቦርድ ላይ የሰርጅ (ድንገት የሚዘል ቮልት) መከላከያ አስገቡ።

ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ሕንፃ ጀነሬተር አለኝ ብሎ መተኛት የለበትም። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ሰው በደረጃ ላይ ነው። በመውጫው መንገድ፣ በደረጃውና በበሮቹ ላይ የራሳቸው ባትሪ ያላቸው መብራቶች ያስፈልጋሉ። የተለመደው ዝቅተኛ ልክ በመውጫው መንገድ መሐል ወለሉ ላይ 1 ሉክስ፣ ቢያንስ ለ1 ሰዓት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ለመውጣት ግን ይበቃል። አብሽሩ፣ ውድ አይደለም። ችግሩ ባትሪው ሲሞት የሚያየው አለመኖሩ ነው። በየወሩ አንዴ ብሬከሩን አጥፍታችሁ ሞክሩት።

የድሮውን ፍሎረሰንት መቀየር ያዋጣል?

ሂሳቡን እናንተ ሥሩት። 20 ፍሎረሰንት ያለው ቢሮ እንበል። እያንዳንዱ ከባላስቱ ጋር 46 ዋት ገደማ ይበላል። ኤል ኢ ዲው 18 ዋት ነው። ልዩነቱ 28፣ በ20 ሲባዛ 560 ዋት። በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢበራ 146 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል። የቆጣሪያችሁን ታሪፍ አባዙበት። አሮጌዎቹን ስታወርዱ አትስበሯቸው፤ ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ።

ዕቃ ስገዛ ደህናውን በምን ልለይ?

በእጃችሁ መዝኑት። ሙቀት የሚያወጣበት አልሙኒየም ያለው ከበድ ይላል። የላባ ያህል የቀለለ አምፖል ዕድሜው አጭር ነው። ከዚያ አብሩትና የስልካችሁን ካሜራ አቅርቡበት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከተራመዱ ብርሃኑ ይርገበገባል ማለት ነው። ለዓይን ባይታይም ለረጅም ሰዓት ለሚያነብ ሰው ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ሉመን፣ ኬልቪን፣ ሲ አር አይ ሦስቱም የተጻፈበትን ምረጡ። ዋስትና የሚሰጥ ሱቅ ካለ ትንሽ ቢወደድም እሱ ጋ ሂዱ።

የስልክ ሉክስ መለኪያ አፕ ይታመናል?

ለማወዳደር አዎ፣ ለውል ግን አይሆንም። ስልክና ስልክ ይለያያል። ሴንሰሩ ያለው ከስክሪኑ አናት፣ የፊት ካሜራው አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ስክሪኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዴስኩ ላይ አስተኙትና ጥላችሁ እንዳያርፍበት ራቅ በሉ። አንድ ቦታ ብቻ ለክታችሁ አትወስኑ፤ አራቱን ጥግና መሐሉን ለኩ። መጋረጃውን ዘግታችሁ ወይም ከመሸ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ያለዚያ የአምፖሉንና የመስኮቱን ብርሃን መለየት አትችሉም።